ገና ያልታወቀ

ታርቱ ላይ፣ የካቲት፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ፣
ሄልዩ ከማሽኗ ፊት፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ደርሶ፣
አርባ ደቂቃ ትጠብቃለች።
ኮምፓይለሩ አላለቀም። የሹራቧን ክር ትመዛለች።

«ምን ይሠራል ይሄን ሁሉ?» አለ ራይቮ፣ ልጁ፣
ከተቀጠረ ሁለት ወሩ ነው፣ ጥቁር ዳቦ ይዟል በእጁ።
«ይሮጣል» አለችው። «ሥራማ መቼ ሠራ?
ካንዱ በር ወዳንዱ በር፣ አድራሻ ሲያጣራ።
‹ሀ ሲደመር አንድ› ብትለው ሦስት ጎጆ ይቀልሳል፣
አንዱን ጫካ ውስጥ፣ አንዱን ከኮረብታ ጀርባ ይጥላል፤
በየበሩ ላይ ወረቀት አለ፣ በሚስማር ተንጠልጥሎ፣
‹የምትፈልጉት እኔ ጋ የለም፣ ከወንዙ ማዶ ነው› ብሎ።
ማሽኑ ይሄዳል፣ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣
ዓይነቱን ጠይቆ ሌላ አድራሻ ይዞ ይወጣል፤
ሌሊቱ እንዲህ ያልቃል።»

ጎጆዎቹን አፈረሱ።
አንድ ረጅም ረድፍ ዘረጉ፣ ወለሉ የተደላደለ፣
ልጅ ከወላጁ ቀድሞ፣ ሁሉም ተራውን ይዞ የዋለ።
አድራሻ የሚባል ቀረ፤ ተራ ቁጥር ሆነ ስሙ፣
«ሰባ ሦስት!» ብለው ሲጠሩት «አቤት» ይላል ከነወንድሙ።
ዓይነት ደግሞ ለብቻው ከጎን ቆመ፣ በአምድ፣
ያልታወቀው ቦታ ላይ «ገና» ተባለ፣ እስኪመጣ ዘመድ።
አንዱ «ገና» ሌላውን «ገና» አይቶ ይከተላል፣
ጫፍ ላይ ያለው ሲታወቅ፣ ሰልፉ ሁሉ ይታወቃል፤
በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አይኬድም፣
ሥሩን አንዴ ያየ ሰው ቅርንጫፉን አይጠይቅም።

አርባው ደቂቃ ወረደ፣ ሆነ አሥራ ሁለት።
ራይቮ ግን ወጣት ነው፣ መች ይበቃዋል ጥቂት፦
«ያንኑ ሐረግ ስንት ጊዜ ነው የምናኖረው?
‹ሀ ሲደመር አንድ› እዚህ አለ፣ እዚያም አለ፣ ደከመኝ ስቆጥረው፤
አንዱን አስቀርተን ሌላውን ሁሉ ብንሰርዝስ?»
«ሞክረው እስቲ» አለች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳትመልስ።

ሞከረው። ስድስት ደቂቃ!
ወንበሩ ላይ ዞረ፣ ጮኸ፣ ጎረቤት እስኪነቃ።

ጠዋት ፈተናውን ወደቀ።
የሰው ስም ከቁጥር ጋር ተደምሮ፣ ማሽኑ «ልክ ነው» ብሎ አጸደቀ።
የላይኛው ሀ ቁጥር ነበረ፤
የታችኛው ስም። ፊደላቸው ግን አንድ ስለነበረ
በአንድ ወንበር አስቀምጠዋቸው ኖሯል።

ሄልዩ አልተቆጣችም። እርሳስ አነሣች፣
«ሊና» ብላ ባገሯ ፊደል ጻፈች።
«አንብበው።» አነበበ። «‹የከተማው› ማለት ነው» አላት።
«አይደለም» አለች፣ ጥቂት አጥብቃ አነበበችለት፦
«‹ወደ ከተማው› ነው። ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤
ጎረቤቱ ነው የሚነግርህ፤ እሱ ራሱን አያውቅም።»

(ይሄን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም፤
«አለ» ብዬ ብጽፍ፣ ተናገረ ይሁን ተገኘ፣ ዓይን ብቻውን አይለይም።)

ከዚያ ስለ እናቷ አወራችው፣
ሄልዩ ስለምትባል፣ ስሟን ለልጇ ስለሰጠችው።
ባንኩ ድሮ ሁለት ሄልዩ ሲያይ፣ አንድ ጎዳና፣ አንድ የቤት ቁጥር፣
«ድግግሞሽ ነው» ብሎ አንዷን አስቀረ ከዝርዝር።
እናትየው ስትሞት ሒሳቡ ተዘጋ፣ በሕይወት ያለችውም ሞተች፤
ሦስት ወር ያለ ደመወዝ፣ መስኮት ላይ «አለሁ» እያለች ተመላለሰች።
ራይቮ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ቆመ፣
ከሰረዘው መስመር ላይ ጣቱን አጋደመ።

ሐረጎቹን መለሱ፣ እያንዳንዱን በየወንበሩ፤
ያጋሩት ዓይነቶቹን ብቻ ነው፣ ታውቀው ያደሩትን፣ የማይቀየሩ።
«ቁጥር» የሚለው አንዴ ቢጻፍ ማን ይጎዳል?
ቁጥር የትም ቁጥር ነው። ሀ ግን በየደጁ ሌላ ይወልዳል።

ዘጠኝ ደቂቃ። ስድስት አይደለም።
«ሦስቱ ለሁለቱ ሄልዩ ነው» አለ ራይቮ፤ የተቃወመው የለም።

ሲመሽ ድልድዩን ተሻገረች። ከበረዶው ሥር ውሃው ይሄዳል፤
ያገሩ ሰው «እናት ወንዝ» ይለዋል።
«ሊና» አለች በሻርፗ ውስጥ፣
አጥብቃ ይሁን አላልታ፣
አልሰማሁም።
ገና።